የስኩልሹስ ተረኛ

ሚሲዮኔስ፣ አርጀንቲና
ማርች 14 ቀን 1965

ለማላውቅዎት ዘመዴ ለአቶ ቫልፍሪድ ስቴንቫል፤

ይህ ወረቀት ባሕሩን ተሻግሮ እጅዎ ከገባ፣ ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔና ያሉኝ ሁሉ፣ ያሉኝም ጥቂት ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን።

ቴክላ እባላለሁ፤ የአንቶን ስቴንቫል ልጅ ነኝ። አባቴና አባትዎ ኮንራድ የአጎት ልጆች ነበሩ። አባቴ በወጣትነቱ ከሎንግሼርን ወጥቶ ብራዚል ገባ፤ ከዚያ ወንዙን ተሻግሮ እዚህ ቀይ አፈር ላይ እንደ ሻይ የሚጠጣውን የማቴ ቅጠል ተከለ። እኔ የተወለድሁት እዚሁ ነው። ስዊድንን በዓይኔ አላየሁም። አባቴ በሕይወት ሳለ "ለዘመዶቻችን ለምን አንጽፍም?" ስለው "ቀለም የለም" ይለኝ ነበር፤ ቀለሙ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ። አሁን እሱም የለም፣ እኔም ባሌን ቀብሬ አርጅቻለሁ፤ ስለዚህ ቀለሙን አንሥቼ ጻፍሁ። አድራሻዎን የሰጡኝ ከእናንተ አገር የመጡት ቄስ ናቸው።

የጻፍሁበት ምክንያት ቢሰሙት ያስቃል። ቅዳሜ ቅዳሜ ለሰፋሪዎች ልጆች ስዊድንኛ አስተምራለሁ። የመዝሙር መጻሕፍት ከእናንተ ዘንድ ሲላክልን በአሮጌ ጋዜጣ ተጠቅልሎ ነበር። ጋዜጣው ላይ "ስኩልሹሱ በረዶ ውስጥ ተቀረቀረ" የሚል አነበብሁ። ስኩላ ትምህርት ቤት መሆኑን አውቃለሁ። ሹስ የሚለውን ግን አባቴ የሚናገረው ሲቆጣ ብቻ ነበር፤ ገበሬው ፈረሱንና ራሱን ይዞ ዳኛና ጳጳስ የሚያጓጉዝበት ግዴታ ነው ይል ነበር። ልጆቹ "ታዲያ ጳጳሱ ትምህርት ቤት ገባ ወይ?" ብለው ሳቁብኝ። ዘመዴን እጠይቅላችኋለሁ አልኋቸው። እባክዎ ሁለቱ ቃላት እንዴት እንደተገናኙ ይንገሩኝ።

አክባሪዎ
ቴክላ


ሎንግሼርን
ሜይ 9 ቀን 1965

ቴክላ፤

በመጀመሪያ፣ አቶ የሚባል ሰው እዚህ ቤት የለም። አቶ ብለሽ የጻፍሽውን ሳይ ዘወር ብዬ ከኋላዬ ማን እንደቆመ አየሁ። ዘመድ ነን፤ አንተ በይኝ። እኔ ደኅና ነኝ፤ ከጉልበቴ በቀር። በረዶው ሐይቁ ላይ ገና አልተሰበረም፤ እናንተ ዘንድ ግን ሙቀት ነው አሉ። እግዜር ሲያካፍል አይቶ አይደለም።

ጥያቄሽ ትክክለኛውን በር ነው ያንኳኳው። ስኩልሹስ ማለት እኔ ነኝ። ጠዋት ልጅ ወደ ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት ልጅ ወደ ቤት አመላልሳለሁ። የእኛ መንደር ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጆቹ ወደ ከተማው ከሄዱ ወዲህ ሥራዬ ይኸው ነው። ድሮ የመኪናው ወንበር አይበቃም ነበር፤ አሁን የቀረችኝ አንዲት ናት፣ ማይሊስ ትባላለች፣ የጎረቤቴ የሄልገ ልጅ።

ቃሉን ለመምህርት ኦቲልያ ወሰድሁላት፤ ጡረታ ከወጣች ጀምሮ የሚጠይቃት ስለጠፋ ደስ አላት። ሹስ የመጣው ሹታ ከሚለው ነው አለች፤ መግፋት፣ ወደፊት ማስኬድ ማለት ነው። ጠመንጃ መተኮስንም በዚያው ቃል እንለዋለን። ይህን በማግስቱ ለማይሊስ ስነግራት፣

"ታዲያ አንተ ትገፋኛለህ ወይስ ትተኩሰኛለህ?" አለችኝ።

"ዛሬ የሒሳብ ፈተና አለሽ አይደል? እተኩስሻለሁ።"

"አጎቴ፣ እባክህ ሳተኝ!"

አባትሽ ያለውም እውነት ነው። ዱሮ ሹስ ግዴታ ነበር። ገበሬዎች በየተራ የእንግዳ ማረፊያው በር ላይ ፈረስ ለጉመው ይቆማሉ። መንገደኛ ይምጣ አይምጣ ተረኛው ይቆማል። የሚቀጥለው ተረኛ መጥቶ "መጥቻለሁ፤ ተራህ አብቅቷል፤ ወደ ቤትህ ግባ" ካላለው ንቅንቅ አይልም። እሱም "ፈረሱ በልቷል፣ ጠጥቷል" ብሎ ልጓሙን ያስረክባል። በሌላው አገር ቀድሞ ቀርቷል፤ እኛ ዘንድ፣ መቼም ከዓለም መጨረሻ ነን፣ በአባቶቻችን ጊዜም ነበር። በኋላ ፈረሱም ዳኛውም ቀሩና ቃሉ ሥራ ፈትቶ ሲንገላወድ ለልጆች ሰጡት። አንጀቴን የበላኝ ይህ ነው፤ ለጳጳስ የነበረው ቃል የማይሊስ ሆነ። ለልጆችሽ እንዲህ በያቸው።

ስለ ቀለሙ ደግሞ። አባትሽ የወጣ ዕለት አባቴን ከበር ላይ የሚተካው እሱ ነበር። አባቴ ቆመ፣ አንቶን የለም። መሸ፣ ነጋ፣ ደግሞ ሊመሽ ሆነ፣ አንቶን ባቡር ላይ ነው። አባቴ የግራ እግሩን ትንሿን ጣት ለብርዱ ገብሮ ገባ። ቂም አልያዘም፣ ሲያወራው ይስቅ ነበር። ብቻ እኛ ቤት አንድ ሰው ከቀጠሮው ሲዘገይ "አንቶንን መጠበቅ" ይባላል። ድንቹ አልበስል ሲልም እንዲሁ።

ቫልፍሪድ


ሚሲዮኔስ
ኦገስት 2 ቀን 1965

ውድ ቫልፍሪድ፤

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ፤ ጉልበትህንም ይማርልህ።

አንተ ማለቱ መጀመሪያ እጄን ያዘኝ፤ እንደምታየው ለመድሁት። ደብዳቤህን ሳነብ ስቄ ሳልጨርስ አለቀስሁ። አባቴ አንድም ቀን ይህን አልነገረኝም። ሲሞት ግን ትኩሳት ላይ ሆኖ "ኮንራድ ገባ?" እያለ ይጠይቅ ነበር። ኮንራድ ማን እንደሆነ፣ የት እንደሚገባ አላወቅሁም። "አዎ አባባ፣ ገብቷል" አልሁት፣ ዝም እንዲል ብዬ። አሁን ሳስበው ልዋሸው ብዬ እውነት ተናግሬያለሁ።

ቃሉን ሰሌዳው ላይ ጽፌ ልክ እንዳልኸኝ ነገርኋቸው። ልጆቹ ሦስት ብቻ ናቸው፤ ድሮ አግዳሚው ይጠብ ነበር። አሁን ወላጆቻቸውም እቤት በስፓንኛ ነው የሚያወሩት። ከሦስቱ አንዷ የልጄ ልጅ አልማ ናት። ልጄ ቦነስ አይረስ ሥራ ይዛለች፤ አልማን የማሳድጋት እኔ ነኝ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አፏ ግን የዘጠና። ቄሱ በዚያው መጥተው፣ ስኩላ ራሱ ከግሪኮች የመጣ ነው፣ ትርፍ ጊዜ ማለት ነበር ብለው ጨመሩልን። አልማ እጇን አወጣች።

"ግሪኮች የማባዛት ሰንጠረዥ አልነበራቸውም?"

"ነበራቸው እንጂ" አሏት ቄሱ።

"እንግዲያው ትርፍ ጊዜ ያለው አስተማሪው ነው የነበረው።"

ይህች ናት አልማ። ማይሊስን እንድጠይቅላት አዝዛኛለች፦ መኪናዋ ስም አላት ወይ? ፈረስ ስም ካለው መኪና ለምን ይቀርባታል?

የምታነጋግረኝ በመሆንህ ደስ ብሎኛል። እዚህ ስዊድንኛዬን የሚመልስልኝ ሰው ከአልማ በቀር የለም።

ቴክላ


ሎንግሼርን
ኖቬምበር 21 ቀን 1965

ቴክላ፤

አንቺም አልማም እንደምን ከረማችሁ? እዚህ ፀሐይ ለቁርስ ብቅ ብላ ሳትጠግብ ትገባለች።

መልእክቱ ደርሷል። ማይሊስ እንዲህ ብላለች፦ "መኪናዋ ስም አልነበራትም፤ ከዛሬ ጀምሮ ጳጳሱ ትባላለች። ጳጳስ መጫን ቀርቶባት እንዳይከፋት።" አሁን ጠዋት ሞተሩ አልነሣ ሲል "ብፁዕነታቸው አልተነሡም" ትለኛለች። ከኋላ ወንበር ላይ ለአልማ ቦታ ይዛለች፤ የመማሪያ ቦርሳዋን እንኳ እዚያ አታኖርም። የማትሠራው የለም፤ ባለፈው ሳምንት ከረሜላ አስቀመጠችላት፣ ስንመለስ ግን "አልማ ትቀየማለች እንዴ?" ብላ በላችው።

በረዶው ገብቷል። የበረዶ መጥረጊያው ከታችኛው መንደር ወደ እኛ ይወጣል፤ ሌሊት ሰምቼው እንደገና እተኛለሁ። አንድ ነገር ልንገርሽ፤ የሚያውቀው ሁሉ ያውቀዋል፣ የሚናገረው ግን የለም። ይህ መንገድ የሚጠረገው ለእኔ አይደለም። የወረዳው ደንብ ነው፤ የትምህርት ቤት ልጅ ያለበት መንገድ ይጠረጋል፣ የሌለበት በጋ እስኪመጣ ይተኛል። ወተቱም ፖስታውም ሐኪሙም የሚመጡት በማይሊስ ዱካ ነው። እሷ ይህን አታውቅም። ጉንፋን ሲይዛት ከእናቷ ይልቅ እኔ እደነግጣለሁ።

ሄልገ፣ አባቷ፣ ትናንት ማታ ብቅ ብሎ ነበር። ደቡብ ወርዶ ፋብሪካ ስለገባው ወንድሙ አወራኝ። የሞቀ ውኃ ከግድግዳው ይወጣል አለኝ። እኔም ውኃ ከመሬት ነው የሚወጣው አልሁት፤ ሳቅን። ብዙ ግን አልሳቀም።

ለአልማ፦ የጳጳሱ ቀለም ግራጫ ነው።

ቫልፍሪድ


ሚሲዮኔስ
ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1966

ቫልፍሪድ፤

ለገና ጽፌልህ ነበር፤ መልስ የለም። መንገድ ላይ ጠፍቶ ይሆናል ብዬ ደገምሁ። አሞህ ይሆን? ወይስ እኔም አንቶንን እየጠበቅሁ ነው?

ቅዳሜ ሁለቱ ልጆች ቀሩ። ወላጆቻቸው የእግር ኳስ አሠልጣኙ ቅዳሜ ቅዳሜ ይፈልጋቸዋል ብለው በትሕትና ነገሩኝ። አሁን ያለችው አልማ ብቻ ናት። የማይሊስን ነገር በየቀኑ ትጠይቀኛለች። አንድ መስመር እንኳ ጻፍልኝ።

ቴክላ


ሎንግሼርን
ኤፕሪል 17 ቀን 1966

ቴክላ፤

አልታመምሁም፤ አትጨነቂ። ክረምቱ ረዘመ፤ ሰውም እንደ ድብ እየሆነ ይሄዳል። ሐይቁን በስቼ ዓሣ አወጣሁ፤ ጥርሱ ከእኔ ይሻላል። ማይሊስ ደኅና ናት። ሁሉም ደኅና ነው።

አልማ አሁን ስንት ዓመት ሆናት? አሥር? ድንች ትወዳለች? ብርድ ትፈራለች ወይስ ሳታየው ነው የምትፈራው? ስዊድንኛ ማንበብስ ትችላለች ወይስ መናገር ብቻ? ሌሊት ብቻዋን ነው የምትተኛው? ይህን ሁሉ የምጠይቀው ለጨዋታ ነው፤ እዚህ ወሬ አልቋል።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። እግሯን ወረቀት ላይ አስቁሚና ዙሪያውን በእርሳስ ሥዪልኝ። የበርች እንጨት ደርቆልኛል፤ የበረዶ መንሸራተቻ ልሠራላት አስቤያለሁ።

ሌላው፣ ነገሩ እንዲያው ጨዋታ ነው፣ ወረዳው ቢሮ ለሌላ ጉዳይ ሄጄ ሰዎቹ ሲያወሩ ሰማሁ። ከዘመድ ጋር የሚኖር ልጅም ቢሆን እንደማንኛውም ልጅ ስኩልሹስ ይፈቀድለታል አሉ። ከውጭ አገር የመጣም ቢሆን። ምን ያህል ደግ አገር እንደሆነ እንድታውቂው ነው።

የላይኛው ክፍል ባዶ ነው። ጣራውን ባለፈው ሳምንት ነጭ ቀለም ቀባሁት፤ ጭስ አጥቁሮት ነበር።

ቫልፍሪድ


ሚሲዮኔስ
ጁን 19 ቀን 1966

ለተከበሩ አቶ ቫልፍሪድ ስቴንቫል፤

ጤና ይስጥልኝ።

የእግሯን ሥዕል አልላክሁም። እኛ አገር በረዶ እንደሌለ ያውቃሉ። ለምን እንደሚሠሩላትም ያውቃሉ፤ እኔም አውቃለሁ። ሳይጠሩኝ አቤት ማለቴ ከሆነ ይቅርታዎን እለምናለሁ፤ ግን ጣራ የሚቀባ ሰው ለጨዋታ አይቀባም።

አባቴ በሕይወቱ አንድ ነገር ጠልቷል። ፈረስህ ይመዘገባል፣ አንተም ትመዘገባለህ፣ ጊዜው ሲደርስ ደስ ቢልህም ባይልህም ታቀርባለህ ይል ነበር። "ፈረሱ የኔ፣ ብርዱ የኔ፣ መንገዱ የእነሱ።" ይህንን ትቶ ነው ዓለምን ያቋረጠው። እኔ እዚያ ተራ ውስጥ አልተመዘገብሁም። ለሌላ ሰው መንገድ እንዲጠረግ ብዬ የማቀርበው ልጅ የለኝም።

አንድ ልጅ ነው ያለኝ፤ ያውም የልጄ ልጅ። ቅዳሜ ጠዋት ደወሉን የምደውለው ለእሷ ብቻ ነው። ከወጥ ቤት በር ወጥታ፣ ቤቱን ዞራ፣ በፊት ለፊት በር ገብታ፣ ከሩቅ እንደመጣ ሰው "እንደምን አደሩ መምህርት" ብላ ትቀመጣለች። እኔም ስሟን ከመዝገብ እጠራለሁ። ይህን ከወሰዱብኝ በአባቴ ቋንቋ የማወራው ከዶሮዎቼ ጋር ነው።

አልማን አልጠየቅኋትም። አልጠይቃትምም።

ቴክላ ስቴንቫል


ሎንግሼርን
ዲሴምበር 11 ቀን 1966

ቴክላ፤

እርስዎ አልሽኝ። ይገባኛል።

መልስ ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ተቀምጬ ተነሣሁ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ እኔ ደግሞ የሰው ልጅ እግር ልለካ ተነሣሁ። ልክ ነሽ። ጣራውን የቀባሁት ለአልማ ነበር። በግልጽ ልጠይቅሽ ድፍረት አጣሁ፤ በጎን በኩል መጣሁብሽ። ይቅር በይኝ።

እውነቱ ይኸው። ሄልገና ሚስቱ እንደሚሄዱ የነገሩኝ ገና ከገና በፊት ነው። ለዚያ ነው ዝም ያልሁሽ። ጁን ላይ ትምህርት ሲዘጋ ዕቃቸውን ጭነው ደቡብ ወረዱ። ማይሊስ ከጭነት መኪናው ላይ ሆና፣

"አጎቴ፣ ጳጳሱን አደራ! ለሌላ ሰው እንዳትሰጠው!" አለችኝ።

"ለማን ልሰጠው?" አልኋት።

"ለአልማ ብቻ!"

እንግዲህ ምን ላድርግ፤ እኔም እንደ ልጅ አመንኋት።

ኦገስት ላይ ትምህርት ሲከፈት ጠዋት ተነሥቼ፣ ፊቴን ተላጭቼ፣ ጳጳሱን አሙቄ መገንጠያው ድረስ ነዳሁ። ማይሊስ ትቆምበት የነበረው የወተት ማኖሪያ መደብ አጠገብ አቆምሁ። ማንም እንደማይመጣ አውቃለሁ፤ አእምሮዬ ደኅና ነው። ብቻ ሥራው ቀርቷል ብለው በስልክ የነገሩኝ የቢሮው ሰዎች ናቸው፤ መገንጠያው ላይ መጥቶ ወደ ቤትህ ግባ ያለኝ ሰው የለም። ጥቂት ቆሜ ተመለስሁ። በማግስቱም ሄድሁ። ሞኝነት ነው፤ ለማንም አልነገርሁም፤ አንቺ ሩቅ ስለሆንሽ ነው የምነግርሽ።

አሁን በረዶው ጥሏል። መጥረጊያው ታችኛው መንደር ላይ ዞሮ ይመለሳል፤ ሲዞር መብራቱን በዛፎቹ መሐል አየዋለሁ፤ ድምፁ ግን እዚህ አይደርስም። ጳጳሱ ጎተራ ውስጥ ነው። ፖስታ ለመውሰድ በመንሸራተቻ እወርዳለሁ፤ ስመለስ ጉልበቴ ያለቅሳል። ከወረዳው ቢሮ የምትመጣ አንዲት ሴት ከተማው የአረጋውያን ቤት ውስጥ ክፍል ይዛልኛለች። ደግ ሴት ናት። "አንድ ነገር ቢሆኑ ማን ይደርስልዎታል?" ትለኛለች። እስከ ፋሲካ መልስ ትጠብቃለች።

አልሄድም አልኋት፤ ቢሆንም ያስቡበት አለችኝ። ለምን አልሄድም እንዳልሁ እኔም አላውቀውም። እዚህ አሁን ከእኔ ጋር የሚናገረው ሰዓቱ ብቻ ነው።

አልማን አልጠይቅሽም። ከእንግዲህ አልጠይቅሽም።

ቫልፍሪድ


ሚሲዮኔስ
ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1967

ቫልፍሪድ፤

ደብዳቤህን ከፖስታ ቤት እስከ ቤት ሳልከፍተው ይዤው መጣሁ። አንብቤ ስጨርስ ያ ያለፈውን ደብዳቤ ተቆጥታ የጻፈችው ሴት፣ እኔው፣ አሳፈረችኝ።

አልማን ጠየቅኋት። ዶሮ እየመገበች ነበር። ሁሉንም ነገርኋት፤ መንገዱን፣ በረዶውን፣ የተቀባውን ጣራ።

"እሄዳለሁ" አለችኝ፣ ወዲያው።

"ሩቅ ነው እኮ። እኔ አልኖርም።"

"አንቺም ነይ።"

"እኔ አርጅቻለሁ። እናትሽስ? ለገና ስትመጣ ማንን ታገኛለች?"

እህሉን በትና ጨርሳ፣ "ታዲያ እሱን ማን ያመጣዋል ወደ ቤት?" አለችኝ።

ቫልፍሪድ፣ ልጅቷ ትመጣ ነበር። ይህን ልደብቅህ እችል ነበር፤ አልደበቅሁህም። ግን አልልካትም። የማልልካት እሷ ስላልፈለገች አይደለም፤ እኔ ያለ እሷ መኖር ስለማልችል ነው። ክፉ ብትለኝ አልቀየምህም።

ሌሊቱን ሙሉ ሳስብ አደርሁ። አባቴ በሞቱ ጊዜ የጠየቀውን አሰብሁ። ኮንራድ ገባ? እኔ ገብቷል አልሁት፤ ኮንራድን ግን በር ላይ መጥቶ ያስገባው ሰው አልነበረም፤ ብርዱ ነው ያስገባው። አሁን ደግሞ የኮንራድ ልጅ መገንጠያው ላይ ቆሟል፣ የአንቶን ወገን ደግሞ እንደ ልማዱ ባሕር ማዶ ነው። ሁለት ጊዜ አይሆንም።

እዚያ መድረስ አልችልም፤ ቃሉ ግን ይደርሳል። እኔ ቴክላ ነኝ፣ የአንቶን ልጅ። ዘግይቻለሁ፤ ይቅር በለኝ።

መጥቻለሁ። ተራህ አብቅቷል። ወደ ቤትህ ግባ።

ቤትህ የትኛው እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። እኔ ግን መጥረጊያው የሚደርስበት፣ ሐኪም የሚደርስበት ቢሆን እንቅልፍ ይወስደኛል።

የአልማን እግር ሥዕል አብሬ ልኬአለሁ። እሷ ራሷ ናት የሣለችው፤ ጣቶቿን ያበዛችው ለቀልድ ነው።

ቴክላ


ከተማ፣ የአረጋውያን ቤት
ሜይ 28 ቀን 1967

ቴክላ፤

አድራሻው እንደተለወጠ ከላይ ታያለሽ። እንደምን ከረማችሁ? እኔ ደኅና ነኝ፤ ቤቱ ደረጃ ስለሌለው ጉልበቴም ደስ ብሎታል።

ደብዳቤሽን ያገኘሁት ታችኛው መንደር ነው። እዚያ አልከፈትሁትም፤ ሰው ይበዛል። ሽቅብ ወጥቼ መገንጠያው ላይ፣ የወተቱ መደብ ላይ በረዶውን ጠርጌ ተቀምጬ አነበብሁት። ስለ አልማ የጻፍሽው ጋ ስደርስ ጥቂት አቆምሁ። ክፉ አይደለሽም። እኔም ብሆን አልልካትም ነበር። ከዚያ መጨረሻው ጋ ደረስሁ። ጮክ ብዬ አነበብሁት፤ እንዲያ ያለ ነገር በሆድ አይነበብም።

ከዚያም ተነሥቼ ቆብ አወለቅሁና "ፈረሱ በልቷል፣ ጠጥቷል" አልሁ። የሚሰማ አልነበረም፤ አንድ ቁራ ነበር። የማስረክበው ልጓም ስላልነበረኝ የጳጳሱን ቁልፍ ጎተራው ውስጥ፣ ድሮ ልጓም ይሰቀልበት የነበረው ችንካር ላይ ሰቀልሁት። ማልቀሴን አልደብቅሽም። አባቴን እያሰብሁ ነው ያለቀስሁት፤ የራሴንም አብሬ አወጣሁ።

ለወረዳዋ ሴት እሄዳለሁ ብዬ መልስ ላክሁላት፤ ከፋሲካ በፊት ሰው ይዛ መጥታ ወሰደችኝ። ክፍሌ ሙቅ ነው። ውኃው ከግድግዳ ይወጣል፤ ሄልገ እውነቱን ነው። መስኮቴ ፊት ለፊት ትምህርት ቤቱ ነው። ጠዋት ስኩልሹሶቹ ይመጣሉ፣ ልጆች ይወርዳሉ፣ አንዳቸውንም አላውቅም። አንዱ ሹፌር ወጣት ነው፤ መስኮቱ ላይ ቆሜ ሲያየኝ እጁን አነሣልኝ። እኔም አነሣሁለት። ከዚያ ቁርስ ይጠሩናል፤ አጠገቤ የሚቀመጠው ሰው አይሰማም፣ ማዶ ያለችው ደግሞ ባሏ ነኝ ብላ ታስባለች። እሑድ ማንም አይመጣም። እንዲህ ነው። ሎንግሼርንም ቢሆን አይመጣም ነበር፤ ግን እዚያ የማይመጣው በበረዶው ምክንያት ነበር።

ማይሊስ ፖስታ ካርድ ላከችልኝ። አሁን ወደ ትምህርት ቤት በእግሯ ነው የምትሄደው፤ ቅርብ ነው። "የሚገፋኝም የሚተኩሰኝም የለም" ብላለች።

የአልማን መንሸራተቻ ጨርሼ በመርከብ ልኬዋለሁ። በረዶ እንደሌላችሁ አውቃለሁ፤ ከዝናብ በኋላ ቀዩ ጭቃ ይሆናታል ብዬ ነው። መርከቡ ይዘገያል አሉኝ። እስኪደርስ እግሯ ካደገ ልኩን ላኪልኝ፤ ሌላ እሠራላታለሁ። አሁን የምጠይቅሽ ለመንሸራተቻው ብቻ ነው።

ቫልፍሪድ